ኮምፓሱ ያደረሰኝ ለቅሶ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ጠይቃችሁ «አላውቅም» የሚል ሰው አታገኙም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። ሰዉ ደግ ነው። የጠየቃችሁትን ቦታ ባያውቀው እንኳ ባዶ እጃችሁን አይሰዳችሁም። ቆም ይላል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ክንዱን ይዘረጋል፣ ከዚያ «በዚህ ቀጥ ብለው ይሂዱና እዚያ ሰው ይጠይቁ» ይላችኋል። እውነቱ ያለው «ሰው ይጠይቁ» የሚለው ላይ ነው። ቀጥ ብሎ መሄዱ ለክብራችሁ የተጨመረ ነው።

እኛም ገጠሬዎቹ የምንታማበት አለን። መንገደኛ ስለ አንድ መንደር ሲጠይቀን በአገጫችን ጠቁመን «እቺ ናት» እንለዋለን። «እቺ» ያልነው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቢሆንም እኛ የጠቆምነው ተራራ ሰውየው እስኪደርስ ድረስ ይጠብቀዋል። ከተማ ውስጥ የተጠቆማችሁት ነገር ላይጠብቃችሁ ይችላል። «የድሮው ወፍጮ ቤት ጋ»፣ «ዛፉ የነበረበት ጋ»፣ «ያ ፎቅ ከመሠራቱ በፊት የነበረው ሱቅ ጋ» ይሏችኋል። የከተማ ሰው መንገድ የሚያሳየው በሌለ ነገር ነው። የሌለውን ነገር የሚያውቁት ደግሞ እዚያው የነበሩት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መንገድ አይጠይቁም።

እኔ መጠየቅ አልወድም። ማውራትም አልወድም። ልጆቼ «አባዬ ለበሬዎቹ የሚያወራውን ግማሽ ለእኛ ቢያወራ» እያሉ ለእናታቸው ይከሱኛል። በሬ መልስ አይሰጥም፣ ለዚህ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ተማርኩ የምለው ካርታ ማንበብ ብቻ ሲሆን እሱንም ያስተማረኝ ውትድርና ነው። አሠልጣኛችን ካርታውን መሬት ላይ እንድናነጥፍ፣ የካርታውን ሰሜን ከኮምፓሱ ሰሜን ጋር እንድናስማማ፣ ከዚያ ቀና ብለን ሁለት ተራራ እንድንፈልግ ያዘን ነበር። በካርታውም በመሬቱም ላይ ያሉ ሁለት ተራራዎች ካገኘህ፣ ከሁለቱም ወደ ራስህ መስመር ትስባለህ፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት አንተ ነህ። ነገሩ ቀላል ነበር። ተራራ ሲነሣ አይተን አናውቅማ። ስሰናበት ጠብመንጃዬን ተረከቡኝ። ኮምፓሱን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ ጉም የዋጠው ቀን ከገበያ ስመለስ በሱ ነው ቤቴን የማገኘው።

ወንድሜ ታፈሰ ማረፉን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለችው ልጁ ሰናይት ናት።

«አጎቴ፣ አባዬ አረፈ» አለች።

«አጎቴ፣ አሉ?» አለች ደግማ።

«አለሁ።»

«ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኡራኤል ነው። እኔ ሬሳ ለማውጣት ሆስፒታል ነው የምሆነው። ድንኳኑ ካዛንቺስ ነው የሚጣለው፣ ቤታችን የነበረበት አካባቢ። ሎኬሽን ልላክልዎት?»

«የኔ ስልክ ከድምፅ በቀር አይቀበልም።»

«በቃ ኡራኤል ሲወርዱ ይደውሉልኝ፣ ሰው እልካለሁ።»

ከእናታችን ልጆች የቀረነው ሁለት ነበርን። እሱ ገና ጎረምሳ ሳለ ከተማ ገብቶ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ እኔ መሬቱ ላይ ቀረሁ። ብዙ አንጠያየቅም ነበር፤ እሱም እንደኔ ዝምተኛ ነው። ስልክ ስንደዋወል ከንግግሩ ይልቅ የምንከፍለው ሒሳብ ይበዛል። በእኛ አገር ወንድም እያለው ወንድሙ ሳይሸከመው የተቀበረ ሰው፣ ዘመድ እንደሌለው ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከታፈሰ ሳጥን ሥር ትከሻዬን ማስገባት። ከዚያ ሌላ ለእሱ የማደርገው የቀረ ነገር አልነበረም።

ትልቁ ልጄ «አብሬህ ልሂድ አባዬ» አለኝ።

«ምርቱ መች ተነሣ?» አልኩት።

«ትጠፋለህ እኮ።»

ኮምፓሱን አውጥቼ አሳየሁት። ምንም አላለም። ከእኔ ነው የወጣው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ላምበረት መናኸሪያ ወረድኩ። ደጁ ላይ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ጎልማሳ የከተማውን ካርታ ገዛሁ፤ እጥፋቱ ነጭ እስኪሆን የተበላ ካርታ ነው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የቆየ ነው። አሁን ብዙ ነገር ተቀያይሯል» አለኝ።

«ከተማ የት ይሄዳል?» አልኩት።

ሳቀና ሸጠልኝ። ያን ሳቅ ያን ጊዜ የትሕትና መስሎኝ ነበር።

ኡራኤል ስወርድ የሰናይት ስልክ ዝግ ነው። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ስልክ ባትሪ አይበረክትለትም። እናንተ ብልሆች አሁን «ቀብሩ እዚያው ኡራኤል ከሆነ ለምን አጥሩ ሥር ቁጭ ብለህ አልጠበቅህም?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ሬሳ የሚጠብቅ ሩቅ ሰው ነው። ወንድም መጀመሪያ ድንኳን ይገባል፣ ከለቀስተኛው ፊት ይቀመጣል፣ «የሟች ወንድም መጣ» ይባልለታል፣ ከዚያ ከሕዝቡ ጋር ይወጣል። እኔ ይህን ወግ ለታፈሰ ላጓድልበት አልፈለግሁም። ወግ አላጓድልም ብዬ የሆንኩትን ትሰሙታላችሁ።

ካርታውን አጥሩ ጥግ አነጠፍኩ፣ ሰሜኑን አስማማሁ። የታፈሰን ቤት ከዓመታት በፊት መጥቼበት አውቀዋለሁ፤ ካርታው ላይ ያለችበትን ቀጭን መንገድ አገኘኋት። ከኡራኤል ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

መጀመሪያ ካርታው ጠባብ መንገድ ባለበት ቦታ፣ መሬቱ ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድና ባለ አምፖል ምሰሶ አሳየኝ። ያማረ ነው፤ አልክድም። ቀጥሎ ካርታው ቤት በቤት ላይ ደራርቦ ባሳየበት ቦታ፣ መሬቱ አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር አቆመብኝ። በአጥሩ ክፍተት አጮልቄ አየሁ። የታረሰ ማሳ መሰለኝ። የገበሬ ዓይን ነዋ፤ አፈር ሲገለበጥ ካየ የሚዘራበትን ያስባል። ልብ ብዬ ሳይ ግን ማረሻ ድንጋይ እንጂ የሰው የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ አያወጣም። ሰባራ ሸክላ፣ የመስኮት ፍሬም፣ አንድ ወደ የትም የማይወጣ ደረጃ ነበር። ድፍን ሰፈር ተነሥቶ ሄዷል። ነዋሪዎቹ ሌላ ቦታ ቤት ተሰጥቷቸው እንደሄዱ ሰናይት ቀደም ብላ ነግራኝ ነበር፤ ግን በስልክ የተሰማ ነገር በዓይን የታየን አያክልም። አሠልጣኛችን ቢኖር ኖሮ እጠይቀው ነበር፦ ሁለቱም ተራራ የተነሣ እንደሆነ ራሴን የት ላግኝ?

አጥሩን ተከትዬ ሄድኩ። የኮምፓሱ መርፌ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዝ ጀመር። ብረት እንደሚስበው አውቃለሁ፤ ስንሠለጥን ጠብመንጃችንን ወዲያ ጥለን፣ ከመኪና ርቀን ነበር የምናየው። እዚህ ግን ከምን ልራቅ? ቆርቆሮው ብረት ነው፣ የሚሠራው ፎቅ ብረት ነው፣ ክሬኑ ብረት ነው፣ መኪናው እንደ ወንዝ ይፈሳል። መርፌዋ ሰሜንን ትታ የቀረባትን ታያለች። ቆሜ ካርታውን ሳገላብጥ፣ ከአጥሩ ማዶ ሳይፈርሱ ከቀሩ ጥቂት ቤቶች አንዲት ሴትዮ ጆግ ይዘው ብቅ አሉ።

«እኛንም ልትለኩን ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«ይንገሩን እንጂ አባት። ባለፈው የመጡትም አይደለም እያሉ ነው የለኩን።»

«ለቅሶ ነው የመጣሁት።»

«በካርታ?»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ጋቢዬንም ጫማዬንም ሲያዩ ፊታቸው ለዘብ አለ።

«እግዜር ያጽናዎት። ድንኳኑ ያውልዎ፣ ከክሬኑ ሥር። ሰውየው ደግ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

ድንኳን አለ። ለቅሶ አለ። ሟቹ ደግ ሰው ነው። ኮምፓሱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሰው ከሚሠራው ስሕተት ሁሉ የከፋው፣ ደረስኩ ብሎ መሣሪያውን ሲያጥፍ የሚሠራው ነው።

ስገባ የድንኳኑ ወንበር ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው አንገቴን አቀፉና «መጣህለት? መጣህለት ወይ?» እያሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከፊት ወንበር ለቀቁልኝ። ኮቱ የሰፋው ቀጭን ሰውዬ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የዕድሩ ዳኛ ነኝ አሉኝ።

«የሟች ወንድም ነዎት?»

«አዎ።»

«ከአገር ቤት?»

«አዎ፣ ዛሬ ነው የገባሁት።»

«ልጅቷ ሆስፒታል ናት፣ ሬሳውን ይዛ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትመጣው።»

«ነግራኛለች።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። የጠየቁኝን ሁሉ በእውነት መለስኩ። እሳቸውም የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነበር። ሁለታችንም አንዲት ውሸት ሳትወጣን ተሳሳትን። ስም የጠራ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሟቹ «ወንድምህ» ነው፣ «አባቷ» ነው፣ «ደጉ ሰውዬ» ነው። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እኔ ደግሞ ጥያቄ አልወድም።

ሻይ አመጡልኝ። ዳኛው ባዶውን ወንበር እያዩ ቀስ ብለው ያወሩኛል።

«ድሮ ይህ ድንኳን አይበቃንም ነበር፤ ከጎረቤት ዕድር ሌላ እንዋስ ነበር። አሁን ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ድስቱም አለ። ሰው ነው የሌለው። አንዱ በከተማው ጫፍ ወዲያ ሄደ፣ አንዱ ወዲህ። ይመጣሉ እኮ፤ አይቀሩም። ግን ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው ሲደርሱ እኛ ቀብረን ተመልሰናል።»

«ሟቹም ሄዶ ነበር?» አልኩ። የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ይህ ነው፤ የማይረባው።

«ሄዶ ነበር። ግን ድንኳኔን እዚህ ጣሉልኝ ብሎ ተናዘዘ። የት እንደሚጣል እንኳ ስናጣ፣ ይቺን ባዶ ጥግ ፈቀዱልን።»

ታፈሰም እንዲህ ይል ነበር ብዬ አመንኩ። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ ሰፈር የሄደ ሰው ሁሉ እንዲሁ ሳይል አይቀርም።

አውቶቡስ መጣ። እንደ ሟች ወንድም መጀመሪያ አሳፈሩኝ፣ ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጡኝ። ከልማድ ይሆናል ኮምፓሱን ከፈትኩ። ኡራኤል ወደ ደቡብ ቅርብ ነው። አውቶቡሱ ግን እስታዲየምን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ። መርፌዋን በሞተሩ ብረት አሳበብኩ። ቀጥሎ ፀሐይዋን አየሁ፤ ፀሐይ ብረት አይስባትም፤ እሷም ያንኑ አለችኝ። መንገድ ተዘግቶ እየዞርን ነው አልኩ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የማይዞር መኪና አልነበረም። መጠየቅ ነበረብኝ። ከፊቴ የተቀመጠው ሾፌር ነው፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። የሟች ወንድም በቀብር አውቶቡስ ውስጥ ተነሥቶ «የት ነው የምንሄደው?» ሊል አይችልም አልኩ።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆምን።

ጥቂት ቆይቶ የሬሳው መኪና ደረሰ። ከፊት አንድ ወጣት ሴት ትልቅ ፎቶ ታቅፋ ወረደች። ፎቶው ላይ ያለው ፊቱ ጠባብ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ዓይኔን ጠረግሁ። ዳግመኛ አየሁ። ታፈሰ በሕይወቱ ጢም አልነበረውም፤ ፊቱም እንደኔ ሰፊ ነው። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ሰው ነው።

ዳኛውን ክንዳቸውን ይዤ ወደ አጥሩ ጠጋ አደረግኋቸው።

«እኔ የኒህ ሰው ወንድም አይደለሁም» አልኳቸው።

አፍጥጠው አዩኝ። ዐበደ ብለው ይሆናል። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ታፈሰን፣ ኡራኤልን፣ ዘጠኝ ሰዓትን። ኮታቸውን ሰበሰቡ። ሰማይ ሰማይ አዩ።

«የእኛም ሟች ወንድም አለው፣ ከአገር ቤት» አሉኝ። «ፊቱን የምናውቀው የለንም። እመጣለሁ ብሎ ነበር፣ አልመጣም። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ አጎቴ መጣ ወይ ስትል፣ አሁን መጣ ብለን ነገርናት። በዚያ ነው በእግሯ የቆመችው።»

«የኔ ወንድም ዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል።»

«ይደርሳሉ» አሉኝ።

የከተማ ሰው መሆናቸውን ያን ጊዜ ረሳሁ።

ወዲያ ዞሬ ወደ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄጃለሁ፤ አልደብቅም። ሴቶቹ ብዙ ነበሩ። ወንዶቹን ስቆጥር ግን ዳኛው አሉ፣ ሾፌሩ አለ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰውዬ። ሳጥኑ መኪናው አፍ ላይ ወጥቶ ተሸካሚ ይጠብቃል። ልጅቷ ፎቶውን ለሌላ ሰው ሰጥታ መጣችና ትከሻዬ ላይ ወደቀች። ቁመቷ የሰናይት ነው።

«አጎቴ፣ መንገድ መንገድ ሲያይ ነው የሞተው» አለችኝ። «ወንድሜ ይሸከመኛል ይል ነበር።»

ምን ልበላት? እናንተ ምን ትሏት ነበር? «ተሳስተሻል እኔ አጎትሽ አይደለሁም፣ አጎትሽ አልመጣም፣ ልቀቂኝ ልሂድ» የምትሉ ካላችሁ፣ ከኔ ይልቅ ጨካኝ ናችሁ፤ እኔን ደግሞ በአካባቢዬ ጨካኝ የማይለኝ የለም። በግራ በኩል ፊተኛውን ጫፍ ያዝኩ። ለታፈሰ ያመጣሁት ትከሻ ከማላውቀው ሰው ሳጥን ሥር ገባ። ከባድ አልነበረም። ብዙ ታሞ ይሆናል።

ፍትሐቱ ቶሎ አለቀ ማለት አልችልም። እኔ ደግሞ ቶሎ ይለቅ ብዬ እያሰብኩ ለሰውየው ምሕረት መለመኔ ራሱ ሌላ ኀጢአት ሆነብኝ። ካህኑ የክርስትና ስሙን ወልደ ጊዮርጊስ ብለው ጠሩ። ከሰውየው የማውቀው ይህን ስም ብቻ ነው፤ የዓለም ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም። አፈር ሲለብስ ልጅቷ እጄን ይዛ ነበር። እኔ የዚያን ቀን እንዳለቀስኩት አልቅሼ አላውቅም። ግማሹ ለእሷ አባት ነው። ግማሹ ኡራኤል ለሚሰበሰበው ሕዝብ፣ የሟችን ወንድም ፈልጎ ላጣው።

ዳኛው አንድ ነገር ብለዋት እጄን አስለቀቁልኝ። በሩን እንደወጣሁ ካርታውን ዘረጋሁ። ዘጠኝ ሰዓት ደርሷል። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ጥጉን ዞሮ አይታይም። በእግሬ፣ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን። ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ ካርታውና መሬቱ አሁንም ይተዋወቃሉ፤ ፈጠን ብዬ ደምበል ሕንፃ ፊት ለፊት ወጣሁ። ትልቁን መንገድ ተሻግሬ ኮምፓሱን ስይዝ መርፌዋ በአንድ ትልቅ ግቢ መካከል ሰንጥቀህ እለፍ አለችኝ። ወደ በሩ ስሄድ ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

«የት ነው አባባ?»

«ኡራኤል።»

«ይሄ ባንክ ነው።»

«ኮምፓሱ በዚህ ነው የሚለው።»

«ኮምፓሱ መታወቂያ ይዟል?»

«ወንድሜ እየተቀበረ ነው ልጄ፣ አሳልፈኝ።»

ሳቁ ጠፋ። ግን አላሳለፈኝም፤ ሥራው ነው። «ከኋላም በር የለውም እኮ፣ ግንብ ነው። በአስፋልቱ ይዙሩ» አለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዞርኩ። ያ ኮምፓስ አቅጣጫውን ያውቃል። ግንቡን አያውቅም። ተራራ ቢሆን ይወጡታል።

ኡራኤል ስደርስ ሕዝቡ እየወጣ ነው። ብዙ ሰው ነው። ታፈሰ ያን ያህል ሰው ያውቅ እንደነበር አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እየተጋፋሁ ገባሁ። አፈር ለብሷል፣ አበባው ላዩ ላይ ተደርድሯል፣ አንድ ሰውዬ አካፋውን ከድንጋይ ጋር እያጋጨ ጭቃውን ያራግፋል። የታፈሰ ፎቶ መስቀሉ ላይ ተደግፏል። አየኝ። እኔም አየሁት።

ሰናይት ከኋላ መጥታ አቀፈችኝ። ድምፅዋ ጠፍቷል።

«አጎቴ፣ ለምን ወደ ፊት አልመጡም?» አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«አየሁዎት እኮ» አለች። «ከሁሉም ኋላ ቆመው፣ ፊትዎን በጋቢዎ ሸፍነው፣ ያን ከዘራ ተደግፈው ሲያለቅሱ። ልጠራዎት ፈልጌ ሕዝቡ አላሳልፍ አለኝ። አባዬም አይቶዎታል።»

እኔ ከዘራ የለኝም።

ዘወር ዘወር ብዬ ፈለግሁ። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ብዙ አለ፤ ሁሉም ወደ በሩ ይሄዳል። ከመካከላቸው የወልደ ጊዮርጊስ ወንድም የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ምናልባትም ማንም አልነበረም፤ ኀዘን ያደከማት ልጅ ያየችው ነው። ወይም ያ ሰውዬ እንደኔው ሰው መጠየቅ የማይወድ፣ እንደኔው ለቅሶ የተሳሳተ ነበር። ተከትዬው ወጥቼ «የአንተ ወንድም በክብር ተቀብሯል፣ ትከሻዬ ላይ ነው የወጣው» ልለው ይገባኝ ነበር። እሱም ስለ ታፈሰ አንድ ነገር ይለኝ ነበር፤ ለምሳሌ ቀብሩ ላይ ምን እንደተባለ። ሰናይት ግን አልለቀቀችኝም።

«ደርሰውለታል» አለችኝ። «እሱ ነው የሚበቃኝ።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ልማዴ ነው ብላ አለፈችው።

አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ትልቁ ልጄ አውድማው ላይ «አባዬ፣ ቀብሩ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እህል የማዘራበትን ላይዳ አስቀምጬ ነገርኩት። ሰው ጥቂት ነበር አልኩት። ተሸካሚ አንሶ እኔ በግራ በኩል ከፊት ያዝኩ። ልጁ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። አፈር እስኪለብስ እጄን አልለቀቀችኝም። ካህኑም ሳይቸኩሉ ፈቱት።

«ጥሩ ነው» አለኝ ልጄ። «እንኳን ደረስክለት።»

«አዎ» አልኩት። «ነፋሱ ሳይቆም አንሣ።»